ከአየርላንድ ያልመጣው ሰልፍ

ማርች 17 የሚከበረው የቅዱስ ፓትሪክ በዓል በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 8 ላይ ይውላል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ቀኑን እንደሰማ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ይህ ቀን በየትኛውም ዓመት ከጾም አያመልጥም። ዐቢይ ጾም ዘገየ ቢባል የሚገባው መጋቢት 5 ነው፤ ፋሲካም ፈጠነ ቢባል ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም። በካቶሊኮቹ ስሌትም ጾማቸው ቢዘገይ ማርች 10 ይገባል፣ ትንሣኤያቸው ቢፈጥን ማርች 22 ይውላል። አረንጓዴ ባርኔጣና ቢራ የምናይበት በዓል እንግዲህ ሥሩ ጾም ውስጥ ነው። ጣጣውም አልቀረለትም። በ2023 ዓርብ ላይ በመዋሉ በርካታ የአሜሪካ ጳጳሳት ለዚያ ዓርብ ሥጋ እንዲበላ ፈቅደዋል። በ2008 ደግሞ በሕማማት ሳምንት ሰኞ ላይ ስለዋለ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ወደ 15 አዛወረችው፤ የኒውዮርክ ሰልፈኛ ግን በ17 ወጣ። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንግግሬን የምጀምረው ከዚህች ልዩነት ነው። በዓሉ የቤተ ክርስቲያን ሲሆን ሰልፉ ግን የስደተኛው ነው፤ ሁለቱ የተለያየ ባለቤት አላቸው።

ስለ ቅዱሱ ብዙ አልልም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ በሮማውያን ብሪታንያ የተወለደ፣ በ16 ዓመቱ ገደማ የአየርላንድ ዘራፊዎች ማርከው የወሰዱት፣ ስድስት ዓመት እረኛ ሆኖ አምልጦ በኋላ በፈቃዱ ለስብከት የተመለሰ ሰው ነው። በምርኮ ገብቶ ሐዋርያ መሆን ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ፍሬምናጦስ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዞ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገብቶ ነው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሆነው። አየርላንዳውያን ግን ለፓትሪክ በአገራቸው ለዘመናት ሲያደርጉ የኖሩት ቅዳሴ መስማትና ሦስት ቅጠል ያለው ሣር ደረት ላይ መሰካት ነበር። ሣሩ ሻምሮክ ይባላል፤ የእኛ ገበሬ ማገጥ ከሚለው ወገን ነው። ከባንድና ከባንዲራ ጋር በአደባባይ መትመም ሌላ ቦታ የተጀመረ ነገር ነው።

የት ተጀመረ ቢባል መዝገቡ ያስገርማል። በ1601 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ሴንት ኦገስቲን በተባለች የስፔን ቅኝ ከተማ፣ በአንድ አየርላንዳዊ ቄስ ዘመን ለቅዱስ ፓትሪክ በመንገድ ላይ ዑደት ተደርጓል። በ1737 ቦስተን ውስጥ ቀኑን ያከበሩት ደግሞ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ የተቸገረ የአገር ልጅ ለመርዳት ያቋቋሙት መረዳጃ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። የኒውዮርኩ ሰልፍ የተወለደበት ዓመት ተብሎ የሚቆጠረው 1762 ነው፤ የወጡትም በእንግሊዝ ንጉሥ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ አየርላንዳውያን ወታደሮች ነበሩ። የስፔን ገዥ፣ የፕሮቴስታንት ነጋዴ፣ የእንግሊዝ ወታደር! ዛሬ ሰልፉን «የካቶሊክ አየርላንዳዊ ኩራት» የሚሉት ሰዎች ይህን መጀመሪያ ብዙም አያነሡትም።

ሰልፉን ዛሬ የምናውቀው ሰልፍ ያደረገው ረኃብ ነው። በ1845 የድንች በሽታ አየርላንድ ገባ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ቢያንስ ሌላ አንድ ሚሊዮን ተሰደደ። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ወረደ። ኒውዮርክና ቦስተን የደረሰው ሰው ደኻ፣ ገበሬና ካቶሊክ ነበር፤ የጠበቀው ሕዝብ ደግሞ ካቶሊክን የማይወድ። በ1844 ፊላደልፊያ ውስጥ በሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ በኒውዮርክ ጳጳሱ ጆን ሂዩዝ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ መሣሪያ የያዙ ሰዎችን አቁመዋል።

በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ መውጣት ትርጉሙ ተለወጠ። ሰልፉን የተሸከሙት የእድር ዓይነት ማኅበራት ናቸው። በ1836 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመው የጥንታዊ ሂበርኒያውያን ማኅበር (ሂበርኒያ የአየርላንድ የላቲን ስሟ ነው) ቤተ ክርስቲያን ይጠብቅ፣ የታመመ አባል ይደግፍ፣ የሞተ ይቀብር ነበር። ከእርሱ ጎን የወንዝ ልጆች ማኅበራት አሉ፤ አየርላንድ 32 ካውንቲ አላት፣ የኬሪ ሰው ከኬሪ ልጅ ጋር፣ የሜዮ ሰው ከሜዮ ልጅ ጋር ይሰበሰባል። ማርች 17 እነዚህ ሁሉ በየባንዲራቸው ሲወጡ ተመልካቹ ፖለቲከኛ የሚያየው ድምፅ ነው። አንድ ማኅበር ስንት ሰው በሥርዓት አሰልፎ እንዳሳለፈ የሚቆጥሩ ነበሩ፤ ዊልያም ግሬስ የተባለ አየርላንዳዊ ካቶሊክ በ1880 ለመጀመሪያ ጊዜ የኒውዮርክ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፣ ቦስተን በ1884 ተከተለች።

ሰልፍ ያለ ተቀናቃኝ አይኖርም። የአየርላንድ ፕሮቴስታንቶች የራሳቸው ቀን ጁላይ 12 ነው፤ ብርቱካናማ ለብሰው ይወጣሉ። ኒውዮርክ ውስጥ በ1870 የሁለቱ ወገን ግጭት ሰው ገደለ። በ1871 ፖሊስና ሚሊሻ ብርቱካናማዎቹን አጅቦ አወጣ፤ ተኩስ ተከፈተና ከ60 በላይ ሰው ሞተ። «ማን ይሰለፍ» የሚለው ጥያቄ በዚያች ከተማ በደም የተጻፈ ታሪክ ስላለው ዛሬም ፈቃድ፣ መስመርና ሰዓት እንደ ቀልድ አይታዩም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የኒውዮርኩ ሰልፍ ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ በእነሱ አነጋገር 11፡00 ላይ፣ ከ44ኛው መንገድ ተነሥቶ በአምስተኛው ጎዳና ሽቅብ እስከ 79ኛው ይሄዳል። 35 ብሎክ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ማርች 17 እሑድ ከዋለ ለጸሎት ክብር ሲባል ቅዳሜ 16 ይደረጋል። መኪና የለም፣ ያጌጠ ተጎታች የለም፤ ሁሉም በእግሩ ነው። ሌሎች ከተሞች በጌጠኛ መኪና ሲያጨናንቁት ኒውዮርክ ይህን ደንብ አጥብቃ መያዟ በእኔ ግምት የሰልፉ ትልቁ ውበት ነው፤ የሚታየው ሰው ብቻ ነው።

ሰልፈኛው 150,000 ይደርሳል ይባላል። ይህን ቁጥር በስድስት ሰዓት ብናካፍለው በሰከንድ ሰባት ሰው በአንድ ነጥብ ማለፍ አለበት። አሥር አሥር ሆኖ ጎን ለጎን የሚሄድ ሕዝብ በሰከንድ 1.2 ሜትር ቢራመድ፣ በአንዱ ረድፍና በሚቀጥለው መካከል ሊኖር የሚችለው 1.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሒሳቡ ትንፋሽ አይሰጥም። አንድ ባንድ ጳጳሱ ፊት አንድ ዜማ ልጫወት ብሎ አንድ ደቂቃ ቢቆም ከፊቱ 70 ሜትር ባዶ መንገድ ይከፈታል፤ ከኋላው ያለው ሕዝብ ደግሞ ተጨፍልቆ ይቆማል። ችግሩ የሚብሰው 50ኛው መንገድ ላይ፣ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ደጃፍ ነው፤ ጳጳሱ ደረጃው ላይ ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ሰውም እጃቸውን ለመጨበጥ ከረድፉ ይወጣል። የተከፈተውን ክፍተት ለመዝጋት የኋላው ቡድን ይሮጣል፤ የሮጠ ቡድን ረድፉ ይበተናል፣ ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ። ስለዚህ ክፍተት በሩጫ አይዘጋም። የፊተኛው ቡድን በትንሹ ያዘግማል፣ የኋላው እርምጃውን በትንሹ ያስረዝማል፣ በአምስት ስድስት ብሎክ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠባል። የመስመር ኃላፊዎች ሥራቸው ይኸው ነው።

መነሻው ላይ ሕዝቡ በአምስተኛው ጎዳና አይሰበሰብም፤ ቦታው አይበቃም። እያንዳንዱ ቡድን በጎን መንገዶች ላይ የተመደበለት ቦታና ሰዓት አለው፤ ተራው ሲደርስ ከጎን ወደ ዋናው ይገባል። የመጨረሻዎቹ ቡድኖች ለሰዓታት ሊጠብቁ ይችላሉ። በማርች ነፋስ ከሕንፃ ጥላ ሥር መቆም ከመሄዱ ይበልጥ አድካሚ ነው፤ ልጆች ይዞ የሚመጣ ማኅበር ሞቅ ያለ ልብስና መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ካላሰበበት ሰልፉ ሳይጀመር ግማሹ ይበተናል።

ቅድሚያው የማን እንደሆነ አከራካሪ አይደለም። ከፊት የሚሄደው የኒውዮርክ አየርላንዳውያን ጦር የነበረው 69ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው፤ ጠዋት ካቴድራል ቅዳሴ ሰምቶ ይወጣል፣ ዎልፍሃውንድ የሚባሉ ረጃጅም የአየርላንድ አዳኝ ውሾች ያጅቡታል። ወታደሮቹ ባርኔጣቸው ላይ የቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ይሰካሉ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በዲሴምበር 1862 በፍሬደሪክስበርግ ውጊያ አየርላንዳውያኑ ከማጥቃታቸው በፊት ለምለም ቅጠል መሰካታቸውን ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ሬጅመንት ሲነሣ አለመሰለፍም ሰልፍ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል። በ1860 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ኒውዮርክን ሲጎበኝ አዛዡ ኮሎኔል ማይክል ኮርኮራን ሬጅመንቱን ለአቀባበል አላወጣም አለ። የጦር ፍርድ ቤት ቆመ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ክሱ ተሰርዞ ከሰዎቹ ጋር ዘመተ።

ሙዚቃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። በሰልፉ የሚሰማው ባግፓይፕ የስኮትላንድ ነው። የአየርላንድ የራሷ ባግፓይፕ ኢሊን ይባላል፣ ቃሉ ክርን ማለት ነው። አየር የሚሞላው በአፍ ሳይሆን በክርን ሥር በታሰረ ወናፍ ነው፤ ዋሽንቱም ጫፉ ጭን ላይ እያረፈ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ተጫዋቹ መቀመጥ አለበት። ተቀምጦ የሚጫወቱትን ይዞ መሰለፍ አይቻልም፤ ድምፁም ለአደባባይ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ የፖሊሶቹና የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ባንዶች (የኒውዮርክ ፖሊሶች በ1960፣ የእሳት አደጋዎቹ በ1962 የተቋቋሙ) የስኮቶቹን መሣሪያ ያዙ። በአፍ የሚነፋ፣ ብብት ሥር የሚታቀፍ ከረጢት፣ ዘጠኝ ድምፅ ያለው አንድ ዋሽንት፣ ትከሻ ላይ የሚያርፉ ሦስት ያለማቋረጥ የሚያጉመተምቱ ቱቦዎች አሉት። ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ዝም ይላል።

ጠላቱ ብርድ ነው። በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፤ ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቋጥርና የሸምበቆውን ምላስ ያፍነዋል። ሃያ ተጫዋች ቢኖር ሃያው እኩል አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ባንዱ እርስ በርሱ ይጣላል። የተለመደው ስሕተት ሞቃት አዳራሽ ወይም አውቶቡስ ውስጥ አቃንቶ መውጣት ነው፤ ደጅ በወጡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይዛባል። መቃኘት ያለበት በሚሄዱበት ብርድ ውስጥ ነው፤ ከዚያም እስኪነሡ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው እየነፉ ማሞቅ። ሌላው የሰልፍ አዘጋጅ ሥራ ነው፤ ሁለት ባንዶችን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ የለበትም። ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ድምፅ ስለሚመላለስ የኋለኛው ባንድ የፊተኛውን ከበሮ እየሰማ እርምጃው ይስታል። በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ዝም ብለው የሚራመዱ ማኅበራት ይግቡ።

ኒውዮርክ የቡድኑን ማንነት ከሚገልጸው ባነር ውጪ የፖለቲካ ጽሑፍ አትፈቅድም፤ «እንግሊዝ ከአየርላንድ ትውጣ» የሚለው ብቻ ሲፈቀድለት ኖሯል። ለክብር ተመርጦ ሪባን አጥልቆ የሚመራው ሰው ግራንድ ማርሻል ይባላል፤ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ክብር ያገኘችው በ1989 ነው፣ ዶሮቲ ሄይደን ከዳሂ ትባላለች። ሰልፉ ለጠየቀው ሁሉ ሳይሆን ለተፈቀደለት ብቻ ክፍት መሆኑ ግን ፍርድ ቤት አድርሶታል። በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አየርላንዳውያንን ቡድን የሂበርኒያውያኑ ማኅበር አንድ ክፍል እንግዳ አድርጎ አስገባቸው፤ ከንቲባው ዴቪድ ዲንኪንስ አብረዋቸው ሲሄዱ የቢራ ቆርቆሮ ተወረወረባቸው። ቦስተን ውስጥ ተመሳሳዩ ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። አዘጋጆቹ ቡድኑን አናስገባም ብለው በ1994 ሰልፉን እስከ መሰረዝ ደረሱ። በ1995 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ፦ የግል ሰልፍ ንግግር ነው፤ ተናጋሪው የማይፈልገውን ቃል እንዲናገር መንግሥት አያስገድደውም። ሕጉ ለአዘጋጆቹ ፈረደ፣ ጊዜው ግን አልፈረደላቸውም። የቢራ ኩባንያዎች ድጋፋቸውን አቋረጡ፣ ከንቲባዎች ቀሩ፤ በ2015 ሁለቱም ከተሞች በሩን ከፈቱ። ሰልፍ የሚያዘጋጅ የማንኛውም አገር ማኅበር ሁለቱን ለይቶ ቢያውቅ ይጠቀማል፤ የመከልከል መብት ቢኖርህም የመከልከል ዋጋ ይኖርሃል።

ቺካጎ ደግሞ ወንዝ ታቀልማለች። ነገሩ የመጣው ከቧንቧ ሠራተኞች ነው። ቆሻሻ በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ወንዙ የሚለቅ ሕንፃ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፍሳሹ ውስጥ ቀለም ይጨምሩ ነበር፤ ቀለሙ ወንዙ ላይ ብቅ ካለ ጥፋተኛው ታወቀ። የአንድ ሠራተኛ ቱታ በዚያ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ያዩት የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ ስቲቨን ቤይሊ ሐሳቡ መጣላቸው፤ ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊም ፈቀዱ። በ1962 መቶ ፓውንድ፣ 45 ኪሎ ያህል፣ ጨመሩ፤ ወንዙ አንድ ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተ። በዝቷል ማለት ነው። አሁን 40 ፓውንድ፣ 18 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቀለም ፍሎሬሰን ነበር፤ ተቆርቋሪዎች ሲቃወሙ ከ1966 ወዲህ ከዕፅዋት በሚሠራ ተተካ፣ ቅመማው ግን ምሥጢር ነው። ዱቄቱ ብርቱካናማ ነው፣ ውኃ ሲነካው ነው አረንጓዴ የሚሆነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፊት ያለው ጀልባ ላይ ያሉት ሰዎች በዱቄት ወንፊት ይነፉታል፣ ከኋላ የሚከተለው ሁለተኛ ጀልባ በሞተሩ ውኃውን ያማስላል። ወንፊቱ ለምን ካላችሁ፣ በጆንያ ቢገለበጥ ዱቄቱ ተጓጉሎ አንድ ቦታ ላይ ይጨልማል፣ ሌላው ውኃ ነጭ ይቀራል።

የቺካጎ ወንዝ ለዚህ የተመቸ መሆኑንም አትርሱ። ፍሰቱ በ1900 በቦይ ወደ ኋላ የተመለሰ፣ በመዝጊያ የሚቆጣጠሩት፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ወንዝ ነው። በጆርጂያ ሳቫና ከተማ በ1961 ይህንኑ ሞክረው ነበር፤ የሳቫና ወንዝ ግን ሰፊና ጉልበተኛ ነውና ቀለሙን ወስዶ ሸንተረር ሸንተረር አድርጎ በታተነው። ሳቫና ወንዙን ትታ ሰልፏን ያዘች፤ ከ1824 ጀምሮ ያለው ሰልፏ ከአገሪቱ ትልልቆቹ አንዱ ነው።

ከመጠጥ የሚመጣውን ጣጣ በሁለት ምሳሌ ልለፍ። በቺካጎ ደቡብ ክፍል በ1979 በ17 የሰፈር ልጆች የተጀመረ ሰልፍ ነበር። አድጎ አድጎ ከ2009 በኋላ ሕዝቡ ከአቅም በላይ ሆኖ ተቋረጠ፤ በ2012 የተመለሰው መንገድ ላይ መጠጣት በጥብቅ ተከልክሎ ነው። በኒው ጀርሲ የምትገኘው ሆቦከን በ2012 ሰልፏን የሰረዘችው በስካርና በጠብ ምክንያት ነው፤ መጠጥ ቤቶቹ ግን የራሳቸውን ቀን ፈጥረው ቀጠሉ። ሰልፉ ሲጠፋ ጠጪው አልጠፋም።

ምግቡም እንደ ሰልፉ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። አየርላንድ ውስጥ ከጥቅል ጎመን ጋር የሚቀቀለው የአሳማ ሥጋ ነበር። ኒውዮርክ ሲደርሱ ርካሹ ሥጋ ከአይሁድ ሥጋ ቤቶች የሚገኘው በጨው ውኃ የተዘፈዘፈ ፍሪምባ ሆነ። ሁለት ኪሎ የሚሆነውን ጨዉን አለቅልቆ፣ ውኃ አልብሶ፣ ሳይንተከተክ በቀስታ እሳት ሦስት ሰዓት ማቆየት ነው፤ ድንቹ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ጎመኑ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይገባል። እሳቱን ካፋፋሙት ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ይደርቃል። ሲቆረጥም ጭረቱን ተከትሎ ሳይሆን አግድም ነው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ዘሬ ከአየርላንድ ነው የሚል ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው አለ፤ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ራሷ አምስት ሚሊዮን ጥቂት ይዘልላታል። ልጅ ከወላጅ ሲበልጥ ወግ ወደ ኋላ መፍሰሱ አይቀርም። አየርላንድ ማርች 17ን የሕዝብ በዓል ያደረገችው በ1903 ነው። መንግሥት ደብሊን ውስጥ ሰልፍ ያዘጋጀው በ1931፣ ኒውዮርክ ከጀመረች ከ169 ዓመት በኋላ ነው። በ1995 መንግሥቱ የበዓል አዘጋጅ ድርጅት አቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ፌስቲቫል ተደረገ፣ በኋላም የብዙ ቀን ሆነ፤ ዓላማው ቱሪስት መሳብ መሆኑን አልደበቁም። አሁን ማርች 17 በእኩለ ቀን በኦኮኔል ጎዳና ከሚያልፉት መካከል የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ማርሽ ባንዶች ይገኛሉ። ልጆቹ ከበሮና ትሮምቦናቸውን ጭነው አትላንቲክን ተሻግረው የሚመጡት ቅድመ አያቶቻቸው ትተውት የሄዱት አገር መንገድ ላይ፣ እዚያ ያልነበረውን ሰልፍ ለመሰለፍ ነው።